የአርካም ናይት ማንነት፦ ከጭምብሉ ጀርባ ማን አለ የተባለበት ክርክር

«ባትማን፦ አርካም ናይት» የለንደኑ ሮክስቴዲ ስቱዲዮ ሠርቶት ጁን 23 ቀን 2015 ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለኤክስቦክስ ዋን እና ለኮምፒውተር የወጣ ቪዲዮ ጌም ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለጌሙ ስሙን የሰጠው ባላንጣ ፊቱን በዲጂታል የራስ ቁር የሸፈነ፣ ድምፁን በማሽን የቀየረ የሚሊሻ አዛዥ ነው። ጌሙ ይፋ ከሆነበት ማርች 2014 ጀምሮ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ ተጫዋቾችና የኮሚክ አንባቢዎች «ይህ ሰው ማነው?» እያሉ ሲከራከሩ ከረሙ። ይህ ዳሰሳ ስለዚያ ክርክር በመሆኑ መልሱን መደበቅ አይችልም፤ ጌሙን ገና ያልጨረሰ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል። ናይቱ የባትማን የቀድሞ ረዳት ጄሰን ቶድ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው

ተከታታዩ በ2009 በ«አርካም አሳይለም» ተጀምሮ በ2011 በ«አርካም ሲቲ» ቀጠለ፤ ሁለቱም የሮክስቴዲ እጅ ሥራዎች ናቸው። በ2013 የወጣውን «አርካም ኦሪጅንስ» የሠራው የዋርነር የሞንትሪያል ስቱዲዮ ነበር። በዚያ ጌም ብላክ ማስክ የተባለ የወንጀል አለቃ በገና ዋዜማ በባትማን ራስ ላይ 50 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ስምንት ነፍሰ ገዳዮችን ያሰማራል፤ ታሪኩ ሲገፋ ግን የብላክ ማስክን ጭምብል ያጠለቀው የባትማን ዋነኛ ባላንጣ ጆከር ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ደጋፊው ጭምብል ባየ ቁጥር ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ክርክሩን የለኮሰው ንግግር

ሮክስቴዲ ናይቱን ሲያስተዋውቅ ከዲሲ ኮሚክስ ሰዎች፣ በተለይም ከኮሚክ ጸሐፊው ከጄፍ ጆንስ ጋር ሆኖ የፈጠረው ፍጹም አዲስ ገጸ ባሕርይ መሆኑን ተናገረ። ይህ ባይባል ኖሮ ክርክሩ በመጀመሪያው ሳምንት ባለቀ ነበር። ምክንያቱም በማስታወቂያዎቹ የታየው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይጠቁማል፦ የባትማን ዓይነት ጆሮ ያለው የራስ ቁር፣ ደረት ላይ የአርካም (የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወንጀለኞች የሚታሰሩበት ሆስፒታል) «ኤ» ምልክት፣ ሁለት ሽጉጥ፣ ወታደራዊ ጥሩር፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የግል ቂም። ናይቱ የባትማን ጥሩር የትኛው ክፍል እንደሚጠነክርና የትኛው እንደሚሳሳ ያውቃል፤ ለወታደሮቹም ያስተምራቸዋል። ይህን የሚያውቅ ደግሞ ጥሩሩን በቅርብ ያየ ሰው ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ዕጩ ሦስት ነገር ማሟላት ነበረበት፦ የባትማንን ምስጢር ማወቅ፣ እንደ ባትማን መሠልጠን፣ ባትማንን ከሥራው ይልቅ በግሉ መጥላት። አብዛኞቹ ግምቶች ከሦስቱ በአንዱ ላይ ይወድቁ ነበር።

ዕጩዎቹ

ጆከር የብዙዎች የመጀመሪያ ግምት ነበር፤ በ«አርካም ሲቲ» መጨረሻ ሲሞት ያዩት ሁሉ አላመኑም። ሮክስቴዲ ለዚህ የሰጠው መልስ እጅግ ቁርጥ ያለ ነው። ጌሙ የሚከፈተው በጆከር አስከሬን ማቃጠያ ውስጥ ነው፤ ምድጃውን የሚያቀጣጥለውም አዝራር የሚጫነው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ጆከር ቢታይም በባትማን ደም ውስጥ በቀረው የራሱ የተበከለ ደምና ስኬርክሮ በተባለው ወንጀለኛ የፍርሃት ጋዝ የተፈጠረ ቅዠት ሆኖ ነው።

ቶማስ ኤሊየት፣ ማለትም ሀሽ፣ ጠንካራ ዕጩ ነበር። በ«አርካም ሲቲ» ከሰለባዎቹ የቆረጠውን ቆዳ ሰፍቶ የብሩስ ዌይንን (የባትማን እውነተኛ ማንነት) ፊት ከሠራ በኋላ አምልጧል፤ ታሪኩም ሳይዘጋ ቀርቷል። የዚህ ግምት ድክመት ሥልጠናው ነው፤ ኤሊየት የቀዶ ጥገና ሐኪም እንጂ የጦር አዛዥ አይደለም። በአዲሱ ጌም ዕዳው በአጭር የጎን ተልእኮ ተከፍሏል፦ ሀሽ በዌይን ሕንጻ የብሩስ ዌይንን ባልደረባ ሉሺየስ ፎክስን አግቶ ይቆማል፣ ባትማን ጭምብሉን አውልቆ እውነተኛውን ፊት ያሳየዋል፣ ተጫዋቹም ሀሽ በተደናገጠባት ቅጽበት ምላሽ መምታት አለበት።

አዝሪየል የተባለው ጭምብል ለባሽ ተዋጊም እንዲሁ ከ«አርካም ሲቲ» ተሸጋግሮ የመጣ ጥያቄ ነበር፤ በጣሪያ ላይ ቆሞ እየታየና ምልክት እያኖረ ስለሚመጣ መከራ ትንቢት ተናግሮ ተሰውሯል። እርሱም ቢሆን የራሱ ተልእኮ ተሰጠው። በዚያ ተልእኮ ተጫዋቹ አዝሪየልን ሆኖ አንድም ምት ሳይቀበል ውጊያዎችን መጨረስ ይጠበቅበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምቱን ለማብዛት ሲቸኩል ነው፤ የመመለሻውን ምልክት ጠብቆ መመከት ይበልጣል፤ አንድ ጡጫ ካረፈበት ሙከራው ከመጀመሪያ ይደገማል።

የባትማን ልጅ ዴሚያን ዌይን፣ የመጀመሪያው ሮቢን (የባትማን ወጣት ረዳት) ዲክ ግሬይሰን እና ቅጥር ነፍሰ ገዳዩ ዴዝስትሮክም ስማቸው ተነሥቷል።

ጄሰን ቶድ

ጄሰን በ1983 ወደ ኮሚኩ የገባ ሁለተኛው ሮቢን ነው። በ1988 አሳታሚው እንዲኖር ወይስ እንዲሞት የሚለውን ለአንባቢ ተወው። በመጽሔቱ ሁለት የስልክ ቁጥሮች ታተሙ፤ አንዱ ለመትረፉ፣ ሌላው ለመሞቱ። እያንዳንዱ ጥሪ 50 ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ መስመሩም ክፍት የቆየው ለአንድ ቀን ተኩል ያህል ብቻ ነው። 5,343 ድምፅ ይሙት፣ 5,271 ይኑር አለ። ልዩነቱ 72 ጥሪ ነው። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ደጋግሞ እንዲደውል አድርጎ ውጤቱን አዛብቷል የሚለው ወሬ ከአዘጋጁ ከዴኒስ ኦኒል ጭምር ተሰምቷል፤ ማረጋገጫ ግን የለውም። ጄሰን በጆከር እጅ ሞተ፤ ከዓመታት በኋላም በኮሚኩ በ2005 ከሞት ተመልሶ ሬድ ሁድ የተባለ ሽጉጥ ታጣቂ ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ የናይቱን ሁለት ሽጉጥ ሲያይ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ተቃዋሚዎቹ ግን የሚይዙት ነገር ነበራቸው። አንደኛ፣ ስቱዲዮው አዲስ ነው ብሏል። ሁለተኛ፣ ሬድ ሁድ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት አስቀድመው ለሚገዙ ሰዎች እንደ ተጨማሪ ክፍል ተዋውቆ ነበር፤ በራሱ ስም የሚሸጥ ሰው እንዴት የጌሙ ምስጢር ይሆናል? ሌሎች ይህንኑ ማስታወቂያ ለጄሰን ማስረጃ አድርገው ጠቅሰውታል፤ ትክክለኞቹም እነርሱ ሆኑ።

ፍለጋው እንዴት ይካሄድ ነበር

ዋናው መሣሪያ ትሬለር፣ ማለትም የጌሙ የማስታወቂያ ቪዲዮ፣ ነው። ቪዲዮውን በዩቲዩብ አቁሞ በኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ የነጥብና የነጠላ ሰረዝ ቁልፎችን በመጫን ፍሬም በፍሬም ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ይቻላል። ከፍተኛውን የምስል ጥራት መምረጥ ግድ ነው። አለበለዚያ ጨለማው ክፍል በቪዲዮ መጭመቂያው ወደ ካሬ ካሬ እድፍ ይሰባበርና ጠባሳ ወይም ምልክት ይመስላል። የአርካም ጌሞች በሌሊትና በዝናብ ስለሚካሄዱ ይህ ስሕተት በየጊዜው ይደጋገማል። ብርሃኑን በፎቶ ማስተካከያ መጨመርም ያልነበረ ዝርዝር አይፈጥርም፣ እድፉን ያጎላል እንጂ።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። የናይቱን ንግግር ከትሬለሩ ለይቶ በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ቅጥነቱን በግማሽ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ። ችግሩ የተቀየረ ድምፅ በአንድ እርምጃ ብቻ አለመሠራቱ ነው፤ ማሚቶና የብረት ቃና ስለሚደረብበት ቅጥነቱን መመለስ ብቻውን ተዋናዩን አይገልጥም። የሙዚቃው ዳራም አብሮ ይጣመማል። ድምፁን የሰጠው ትሮይ ቤከር በ«አርካም ኦሪጅንስ» ጆከርን፣ በ«አርካም ሲቲ» ደግሞ ቱ-ፌስንና ሮቢንን ተጫውቷል። ስለዚህ ድምፁን በትክክል የለየ ሰው እንኳ ወደ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊመራ ይችል ነበር።

ሦስተኛው የጌሙን ፋይል ከፍቶ ማየት ነው፤ ይህ የሚቻለው ፋይሉ እጅ ከገባ በኋላ ነው። የኮምፒውተሩ ቅጂ በብልሽት ብዛት በወጣ በማግስቱ ከሽያጭ ታግዶ በኦክቶበር 28 ስለተመለሰ፣ እርሱን የጠበቁ ተጫዋቾች ለአራት ወር ምስጢሩን ሳይሰሙ መቆየት ነበረባቸው፤ ቀላል አልነበረም።

መገለጡ

ናይቱ ሦስት ጊዜ ይገጠማል፦ ክላውድበርስት በተባለው ታንክ፣ በመሬት ውስጥ በመቆፈሪያ ማሽን፣ በመጨረሻም በኪሊንጀር የገበያ ሕንጻ። በመጨረሻው ከፍ ካለ ቦታ በስናይፐር ያነጣጥራል፤ በሌዘሩ ፊት መሮጥ ሞት ነው፤ ከከለላ ወደ ከለላ እየተሸሸጉ ተጠግቶ መምታት ያስፈልጋል። ሲመታ ቦታ ይቀይራል፣ ሚሊሻም ይጠራል። የራስ ቁሩ ሲወልቅ የጄሰን ፊት ይወጣል፤ ጉንጩ ላይ ጆከር በጋለ ብረት ያተመው «ጄ» አለ።

ይህ ቅጽበት ያስደነገጠው ጥቂቶችን ነው። ጄሰን ከዚህ ጌም በፊት በተከታታዩ ታሪክ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። በዚህ ጌም ግን ከመገለጡ ትንሽ ቀደም ብሎ ባትማን ጆከር ጄሰንን በአርካም ሲያሠቃየው በቅዠት ደጋግሞ ያያል። በታሪክ አነጋገር ሕግ፣ ለረጅም ጊዜ ስሙ ያልተነሣ ሰው በድንገት በተከታታይ ከታየ ምክንያት አለው። ስሙ በመጀመሪያው ጌም አንድ ጊዜ ቢወሳ ኖሮ የመጨረሻው ፍንጭ ይህን ያህል ጎልቶ ባልታየ ነበር።

አዲስ ነው የተባለው ቃል

ስቱዲዮው ዋሽቷል የሚሉ አሉ፤ አልዋሸም የሚሉም አሉ። ልብሱ፣ ስሙ፣ ሠራዊቱና ጄሰን በአርካም ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ የተሠቃየበት ታሪክ በኮሚኩ ያልነበሩ ናቸው፤ በዚህ ስሌት ናይቱ አዲስ ነው። ሰውየው ግን አዲስ አይደለም። አድማጩ ቃሉን በሁለተኛው ትርጉም እንደሚረዳው የማስታወቂያ ሰዎች አያውቁም ማለት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ምስጢር ጠባቂ ሌላ ምን ሊል ይችል ነበር?

ናይቱ ከተሸነፈ በኋላ ሚሊሻውን ዴዝስትሮክ ይረከባል። ጄሰን በጌሙ ፍጻሜ በቀይ ጭምብል ተመልሶ የታሰረውን ባትማን በጥይት ይፈታዋል፤ በተጨማሪው ክፍልም ሬድ ሁድ ሆኖ ብላክ ማስክን ያሳድዳል። በ2022 የወጣው «ጎተም ናይትስ» ጄሰንን በድጋሚ ለተጫዋች ቢሰጥም የሞንትሪያሉ ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ ታሪኩም ከአርካም ዓለም ጋር አይገናኝም።