«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ባሕር ዳር ገበያ ሎሚ የሚሸጠው በመደብ ነው፤ አራት አምስት ፍሬ እየተቆለለ። አንድ ቅዳሜ ዘንቢል ሳልይዝ ወጣሁና አሥር መደብ ገዛሁ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። አስፋልቱን ሳልሻገር ቋጠሮው ተፈታና ሎሚው ባጃጅ ሥር ተንከባለለ። ሻጯ ከት ብላ ሳቀች። «እታለም፣ ለብቻሽማ ሸክም ነው!»

ተረቱን የማያውቀው የለም። ፍቺውን ስንጠየቅ ግን «ከተባበሩ ሥራ ይቀላል» ብለን እናልፈዋለን። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ተረቱ ለሃምሳ ሰው «ይቀላል» አላለም። «ጌጡ» ነው ያለው።

ደግሞስ ሃምሳ ሎሚ ምን ያህል ይከብዳል? ቢበዛ ሁለት ሦስት ኪሎ ነው። የሚያስቸግረው ክብደቱ ሳይሆን አያያዙ ነው። አንዱን ሲያነሱ ሁለቱ ያመልጣሉ። ዕድር ለብቻው የመራ ሰው ይህን ያውቀዋል። መዝገቡን ሲይዝ ድንኳኑ ይጠፋበታል፣ ድንኳኑን ሲፈልግ መዋጮው ይዘገይበታል።

ጌጥነቱ የመጣው ከሎሚ ከራሱ ነው። ሽቶ በየሱቁ ሳይገባ ሎሚ የሰው ሽቶ ነበር። መንገደኛ በእጁ ይዞ ያሸተዋል። በጥምቀት ደግሞ ጎረምሳው ሎሚውን ይዞ ይወጣና ልቡ ለወደዳት ልጅ ይወረውርላታል። ለዚህ አንድ ይበቃዋል። ሃምሳ ሎሚ ታቅፎ ጥምቀት የወጣ ጎረምሳ ነጋዴ ነው የሚመስለው።

ጣና ዳር ላለን ሰዎች ተረቱ የቤታችን ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቀው ዘጌ ውስጥ በሬ ተጠምዶ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም ገዳሙን ሲመሠርቱ ከፈጣሪ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጣቸው ተብሎ ይተረካል። የዘጌ ሰው በእነዚህ ኖሯል። ዕቃውም ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው በታንኳ ነበር። ታንኳውም የደንገል፣ ማለትም ውሃ ዳር የሚበቅል ሸንበቆ መሰል ተክል፣ እስር ነው፤ አንዷ ደንገል ብቻዋን ድመት አታሻግርም።

ከ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ድሩ የሚያስረው አንበሳ አለው። ሎሚው ጠላት የለውም። እርግጥ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋውን እንቦጭ አስቡት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሕዝቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ሎሚ ግን አንዴ ከተከፋፈሉት አለቀ፤ እንቦጭ መልሶ ይበቅላል። እዚያ ላይ የአንበሳው ተረት ይሻላል።

ለማኅበር ግን ከሎሚው የተሻለ አላገኘሁም። የኛ ማኅበር የሚካኤል ነው፤ ወር በገባ በ12 እንሰበሰባለን። ተረኛው ጠላና ዳቦውን ያቀርባል፣ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ ጉሮሮአቸውን ጠርገው «ሃምሳ ሎሚ...» ሲሉ እጃችን ወደ ኪስ ይሄዳል፤ መዋጮ መጣ ማለት ነዋ! አንድ ጊዜ የራሳችን ድንኳን እንግዛ ተባለ። ለለቅሶም ለሰርግም መከራየት መሮን ነበር። ደህና ገንዘብ ያለው አንድ አባላችን ብድግ ብሎ «ግማሹን እኔ ልቻል» አለ። አጨበጨብን።

ሙሴው ግን አላጨበጨቡም። «ተባረክ ልጄ። ግን ሃያ አምስቱን ሎሚ አንተ ከያዝህ እኛ ምን ይዘን እንታይ?»

እውነት ለመናገር ያን ቀን ተናድጄባቸዋለሁ። ድንኳኑ በሳምንቱ ይገዛ ነበር። በእኩል መዋጮ ሰባት ወር ፈጀ። ጉልት የምትቸረችር አንዲት እናታችን ድርሻዋን በየሳምንቱ እየቆነጠረች ነው የጨረሰችው።

ድንኳኑ መጀመሪያ የተተከለው ለልጅ ክርስትና ነው። ወንዶቹ ምሰሶ ሲያቆሙ ያቺ እናት መጥታ አንዱን ጨብጣ ያዘች። «ይቺ የኔ ናት» አለች። ማንም አልተከራከራትም።