«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ሐሜት አይደለም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ለጉዳይ ተሰልፈን ሳለ፣ አንድ ኃላፊ የእህቱን ልጅ ቀጠረ የሚል ወሬ ተነሣ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ «ምን ይደረግ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ!» ሲል ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን አንገበገበኝ።

ተረቱን «ቢጤ ከቢጤው» ወደሚል ትርጉም ከጎተቱት ቆይቷል። እስቲ አህያ የአመድ ቢጤ የሆነችው መቼ ነው? ቀለማቸው ይመሳሰላል የሚሉ አሉ። ያወጣው ሰው ግን ስለ ቀለም የሚጨነቅ አይመስለኝም። እሱ ያየው ጭነት የወረደላትን አህያ ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን ቁልቢ አካባቢ፣ አያቴ ዘንድ እከርም ነበር። በየማለዳው ከምድጃው የሚዛቀው አመድ ከጓሮ ይደፋና ክምሩ ከዓመት ዓመት ያድጋል። የገበያ ቀን ወደ ማታ አህያዋ ማሽላ ተጭና ትመለሳለች። መጫኛው ሲፈታላት ትንሽ ቆም ብላ ጆሮዋን ታራግፋለች። ከዚያ ውኃ ቢያቀርቡላት፣ ሣር ቢያሳዩዋት ዞር ብላም አታይ፤ ቀጥ ብላ ወደ አመዱ። ታሸታለች፣ በፊት እግሯ ትንበረከካለች፣ በጎኗ ዘፍ ትላለች፣ ከዚያማ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ወዲያና ወዲህ ነው። አመዱ ላቧን ይመጥላታል፣ መጫኛ የከረከረውን ጀርባዋን ያክላታል፣ ዝንብና ተባዩንም ያርቅላታል። ስትነሣና ስትራገፍ ጓሮው በጭስ የተሞላ ይመስላል። እኛ ልጆች ካልጋለብናት እያልን ስንሻማ አያቴ ከበር ሆና «ተዉአት እንጂ፣ ዘመድ እየጠየቀች ነው!» ትለን ነበር።

በእኔ ቤት ትርጉሙ ይኸው ነው። ዘመድ ማለት ሸክምህን ካወረድህ በኋላ፣ ማን አየኝ ሳትል የምትንከባለልበት ነው። ስለ ሹመትና ስለ ቅጥር አንድም ነገር አላለም።

አመጣጡን በተመለከተ የራሴ ግምት አለኝ፤ ሽማግሌዎች ይሙገቱኝ። ተረቱ ከገበሬ ጓሮ ሳይሆን ከነጋዴ ሰፈር የወጣ ይመስለኛል። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የሐረር ንግድ በእንስሳ ጀርባ ነበር የሚሄደው፤ ቆላውን ወደ ዘይላ ግመል፣ ደጋውን አህያና በቅሎ ይችሉት ነበር። ነጋዴ ደግሞ የሚያድረው ሌላ ነጋዴ ካደረበት ነው። እዚያ የሚቀረው ምንድን ነው? የትናንት እሳት አመድ! አህያዋ ጭነቷ ሲራገፍላት የምትንከባለለው ማን እንዳነደደው በማታውቀው አመድ ላይ ነበር። ስለዚህ ተረቱ «ዘመድ» ሲል የሥጋውን ብቻ ነው ማለቱን እጠራጠራለሁ።

ድሬዳዋን እዩአት። ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ሰዉ ከየአገሩ ሥራና ንግድ ፍለጋ መጥቶ ነው የሰፈረባት። ከዚራ ሰፈርም ይኑር መጋላ ሰፈር፣ ሲታመም የሚደርስለት ጎረቤቱ ነበርና ጎረቤቱን ዘመዴ አለ። ሐረሪዎች ቤተ ዘመዱን «አህሊ»፣ ለሠርግና ለቀብር የሚረዳዱበትን ማኅበር «አፎቻ» ብለው ይለያሉ፤ ከሐረር ግንብ ከጁገል ወጣ ስንል እኛ እድር የምንለው የአፎቻ ወንድም ነው። እንግሊዞችም ድሮ «ኪን» የሚሉት የሥጋ ዘመድን፣ «ኪዝ» የሚሉት የሚያውቁትን ሰውና ጎረቤትን ነበር። ዛሬ «ኪዝ ኤንድ ኪን» ብለው ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠሩና ብዙዎቹ አንድ ነገር ይመስላቸዋል። ያለቦታው መናገር የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ መሥሪያ ቤቱን ማማት ካማራችሁ ተረት አልጠፋም። ለሚመሳሰሉ ሌቦች «ግም ለግም አብረህ አዝግም» አለላችሁ፤ ለሹመኛው ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። በቤተሰብ ፎቶ ሥር «ዘመድ ከዘመዱ» ብላችሁ አህያዋን በይሉኝታ የምትቆርጡትም ብትሆኑ፣ የተረቱ ነገር ያለው እሷ ጋ ነውና እባካችሁ መልሷት።