«ክሎ» ምንድን ነው?

የፈረንሳይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ «ክሎ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ቅጥር ማለት ነው። በድንጋይ የታጠረ የወይን ቦታ። ከብት እንዳይገባ፣ ሌባ እንዳይደፍር፣ ባለቤቱም እንዲታወቅ ነው የሚታጠረው። ከሁሉ ዝነኛው ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ አካባቢ ያለው ክሎ ደ ቩዦ ነው፤ የሲቶ ገዳም መነኮሳት ሥራ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ገዳሙ የተመሠረተው በ1098 ነው። መሥራቾቹ የቀድሞ ገዳማችን ላላ ብለው ጥለው የወጡ፣ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት ሳንሸራርፍ እንጠብቅ ያሉ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ዓለምን የናቀ መነኩሴ ከወይን ጋር ምን አገናኘው? አንደኛ፣ ያለ ወይን ቅዳሴ የለም። ሁለተኛ፣ ያው ጥብቅ ሥርዓት በ40ኛው ምዕራፉ ለአንድ መነኩሴ በቀን አንድ ሄሚና ይፈቅዳል፤ ሩብ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ደስ የሚለኝ ምክንያቱ ነው፦ ወይን ለመነኩሴ ባይገባም፣ የዘመናችንን መነኮሳት ይህን ማሳመን ስለማይቻል ቢያንስ በልክ ይጠጡ ይላል። ሰው የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው!

ገዳሙ ያለበት ቦታ ረግረግ ስለሆነ ለወይን አይሆንም። ስለዚህ ቩዦ ተዳፋት ላይ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግማሹን በስጦታ፣ ግማሹን በግዢ መሬት አሰባሰቡ፤ መጭመቂያና ጓዳም እዚያው ሠሩ። አጥሩ ተሟልቶ የተዘጋው በ1336 ነው። ውስጡ 50 ሄክታር ገደማ ይሆናል።

አጥሩ አንድ ይሁን እንጂ አፈሩ አንድ አይደለም። ላይኛው ስስ፣ ኖራ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ውሃ አይቋጥርም። ታችኛው ሸክላማ ነው፤ ሲዘንብ ውሃው ይተኛበታል። የላዩ ለሮማው ሊቀ ጳጳሳት፣ የመሃሉ ለኤጲስ ቆጶሳት፣ የታቹ ለመነኮሳቱ ይጠመቅ ነበር የሚል ወሬ አለ። አፈ ታሪክ ነው፣ ግን የላዩ አፈር ለወይን ስለሚሻል መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። ቦታው ሁሉ በአንድ እጅ ስለነበር መነኮሳቱ የላዩን ከታቹ እንደፈለጉ መቀላቀል ይችሉ ነበር፤ አንዱ ያየውን ለተከታዩ እያስተላለፈ ስድስት መቶ ዓመት ከዚያም በላይ አንድ ቦታ ላይ ሠሩ። እንዲህ ያለ ዕድል የትኛው ቤተሰብ ያገኛል?

ከዚያ የፈረንሳይ አብዮት መጣ። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ተወረሰ፣ ክሎውም በ1791 ተሸጠ። በ1889 ደግሞ ለብዙ ገዢዎች ተከፋፈለ፤ ከዚያ ወዲህ በሽያጭና በውርስ እየተቆራረሰ ዛሬ 80 ያህል ባለቤት አለው። አንዳንዱ ድርሻው ጥቂት ረድፍ ተክል ብቻ ነው።

አጥሩ ግን እንዳለ ነው፣ ስሙም እንዲሁ። የላዩም የታቹም ያንኑ ከፍተኛ ማዕረግ፣ ግራን ክሩ የሚባለውን፣ ይዞ ይሸጣል። እኔ ይሄ ትንሽ ማጭበርበር ይመስለኛል። ጠርሙሱን ካገኛችሁ ትልቁን ጽሑፍ እለፉትና በትንሹ የተጻፈውን የጠማቂውን ስም አንብቡ።