ከበሩ ወዲያ፦ ስለ ሳዑዲ ኮምፓውንዶች በስህተት የምንናገረው

ሪያድ በኖርኩባቸው ዓመታት የአክስቴ ልጅ ኮምፓውንድ ውስጥ ትሠራ ነበር። ኮምፓውንድ የሚባለው በግንብ የታጠረ፣ በሩ ላይ ጥበቃ የቆመበት፣ የውጭ ሀገር ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ቪላ፣ መዋኛ፣ ሱቅ፣ አንዳንዱም ትምህርት ቤት አለው። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን ስለ እሷ ሲነሳ "እሷማ ፈረንጅ ሰፈር ናት፣ ምን ይጎድላታል?" ይሉ ነበር። ዛሬም ልጃቸውን ወደ አረብ ሀገር የሚልኩ ሰዎች ያንኑ ሲሉ እሰማለሁ። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ግንቡን ያመጡት ሳዑዲዎች ናቸው፤ ፈረንጅ ከሕዝቡ እንዳይቀላቀል"

አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። በ1933 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በምሥራቅ ሳዑዲ ነዳጅ የመፈለግ ፈቃድ አገኘ። በ1938 ዳህራን አካባቢ ሰባተኛው ጉድጓድ በብዛት ነዳጅ ሰጠ። ኩባንያው በኋላ አራምኮ ተባለ። ለአሜሪካውያን ሠራተኞቹም በረሃው ላይ የአሜሪካ ከተማ የሚመስል፣ ካምፕ የተባለ ሰፈር ሠራ፤ ሣር ያለው ግቢ፣ ሲኒማ፣ መዋኛ። የሳዑዲ ሠራተኞች ደግሞ ለብቻቸው፣ ብዙዎቹ ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ ጎጆ ይኖሩ ነበር።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ታሪክም እዚህ አለ። የራስ ታኑራ የነዳጅ ማጣሪያ በ1940ዎቹ ሲገነባ ከኤርትራ ጣሊያናውያን ግንበኞችና መካኒኮች ተቀጥረው መጡ። ነጮች ቢሆኑም የአሜሪካውያኑ ካምፕ ውስጥ አልገቡም። የእነሱም ሰፈር ለብቻው ነበር። እኔ ከዚህ የማየው አጥሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰውን በቅጥር ደረጃው ይለይ እንደነበር ነው።

የሳዑዲ ሠራተኞች ይህን ዝም ብለው አልተቀበሉትም። በጥቅምት 1953 ወደ 13 ሺህ የሚጠጉት ሥራ አቆሙ። ከጥያቄዎቻቸው መካከል ደመወዝና የመኖሪያ ሁኔታ ነበሩበት። ዛሬ ኩባንያው የሳዑዲ ነው፤ መንግሥት በ1980 ሙሉ ድርሻውን ይዟል። በዚያው ዳህራን ካምፕም የሳዑዲ ቤተሰቦች ይኖራሉ።

"ውስጥ ያሉት ሁሉ ፈረንጆች ናቸው"

አይደሉም። የሊባኖስ መሐንዲስ፣ የግብፅ ሐኪም፣ የህንድ የሒሳብ ባለሙያ ታገኛላችሁ። አንዳንድ የእኛም ሰዎች ከነቤተሰባቸው አሉ። በኅዳር 2003 ሪያድ ውስጥ ቦምብ የፈነዳበት የሙሐያ ኮምፓውንድ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው አረቦች ነበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሪያድ ላይ፣ በ2004 ደግሞ ዳህራን አጠገብ ባለችው ኾበር ላይ ከደረሱት ጥቃቶች በኋላ ነው በየበሩ የኮንክሪት መከላከያውና የታጠቀው ጥበቃ የበዛው። የመኪና ሆድ በመስተዋት ሲፈተሽ ያየ ሰው ሀብታም ስለሆኑ ይመስለዋል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው፤ የደረሰውን ለሚያውቅ ደግሞ ተገቢ ፍርሃት ነው።

"በሩን ካለፍክ የሳዑዲ ሕግ አይሠራም"

ሕጉ አንድ ነው። መጠጥ ኮምፓውንድ ውስጥም ክልክል ነው፤ ሲጠምቅ የተያዘ ሰው ይታሰራል፣ ከሀገር ይባረራል። በ2024 ሪያድ ውስጥ የተከፈተው የመጠጥ መሸጫ የኤምባሲዎች ሰፈር ነው ያለው፤ ሲከፈትም ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች ብቻ ነበር።

የሚለየው ልማዱ ነው። ሴቶች ያለ አባያ ይወጣሉ፣ ሴትና ወንድ አብረው ይዋኛሉ። ዳህራን ካምፕ ውስጥ ሴቶች ከድሮም መኪና ይነዱ ነበር። ግን በሩ ላይ ሲደርሱ መሪውን ለወንድ መልቀቅ ነበረባቸው። ይህ ሴቶች መንዳት እስከተፈቀደላቸው እስከ ሰኔ 24 ቀን 2018 ቆየ።

"እዚያ የገባ ኑሮው ተደላደለ"

ቤቱ የእነሱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ኪራዩን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ውል ሲያልቅ ቁልፉ ይመለሳል። ዳህራን ተወልዶ ያደገ የውጭ ሀገር ሰው ልጅም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ማለትም ኢቃማው፣ በአባቱ ወይም በእናቱ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የአራምኮ ትምህርት ቤት ደግሞ ለብዙ ዓመታት 9ኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ በ14 እና በ15 ዓመታቸው ለብቻቸው ባሕር ማዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮም የውጭ ሀገር ሠራተኛ አብሮት ለሚኖር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል ለመንግሥት ይክፈል ተባለ። በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 400 ሪያል ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት ሰው በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው። አሠሪው የማይከፍልለት ብዙ ሰው ቤተሰቡን ሸኝቶ ብቻውን ቀረ።

ካምፕ ሲባል ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። መንገድና ሕንፃ የሚሠሩት የህንድ፣ የባንግላዴሽና የኔፓል ልጆች የሚያድሩበትም ካምፕ ነው የሚባለው። አጥር አለው፣ ጥበቃም አለው። ውስጡ ግን በአንድ ክፍል ብዙ ሰው፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ጠዋት የሚወስድ፣ ማታ የሚመልስ አውቶቡስ ነው።

"ኮምፓውንድ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ነፃ ናት"

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እውነት ነው፣ ደግ ቤተሰብ የገጠማት ልጅ አለች። ዓርብን የምታርፍ፣ ስልኳ በእጇ የሆነ፣ ደመወዟ ቀኑን የማያሳልፍ። ግን ያንን የሰጣት ግንቡ አይደለም፤ ማዳሟ ናት። በሚቀጥለው ቪላ ያለችው ልጅ ሌላ ታሪክ ሊኖራት ይችላል። ጎረቤትም አይሰማም።

ሕጉን ልንገራችሁ። በ2021 ሠራተኛ ያለ ከፊሉ (ኢቃማውን ያወጣለት አሠሪ) ፈቃድ ሥራ እንዲቀይርና ከሀገር እንዲወጣ የፈቀደው ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ለእነሱ የወጣው አዲስ ደንብ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ እየሠራ ነው። የሥራው ጊዜ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲኖር፣ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይይዝ ይላል። ይህን ሳታውቅ የምትሄድ ልጅ ብዙ ናት።

ሌላም አለ። ኢቃማዋ በአንድ ከፊል ስም ሆኖ እዚያው ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ቪላ እየዞረች በሰዓት የምትሠራ ልጅ አለች። ገንዘቡ ጥሩ ነው። ከተያዘች ግን እሷም ጥፋተኛ ትባላለች፤ እስርና መባረር ይጠብቃታል። አሠሪዋ የውጭ ሀገር ሰው ከሆነ ደግሞ የእሱም ውል ያልቃል። ኹሩጅ፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ መትቶ ሲወጣ እሷም ወይ ወደ ሌላ አሠሪ ትዛወራለች፣ ወይ ሻንጣዋን ትይዛለች።

ስለዚህ ልጁን የሚልክ ሰው "ኮምፓውንድ ነው ወይ?" ብሎ ደላላውን ባይጠይቅ ደስ ይለኛል። ይልቅ ኢቃማዋ በማን ስም እንደሚወጣ፣ ውሏ በሙሳነድ፣ ማለትም በሳዑዲ መንግሥት የቤት ሠራተኞች መቅጠሪያ ድረ ገጽ፣ መመዝገቡን ይጠይቅ። ስትደርስም የግቢውን ስምና የቪላውን ቁጥር ትላክለት። ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን የቪላውን ቁጥር አልያዝኩም ነበር። ዘበኛው መታወቂያዬን ተቀብሎ "የየትኛው ቤት እንግዳ ነሽ?" አለኝ። የእሷን ስም ነገርኩት። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየው። የአሠሪዎች ስም ብቻ ነበር የተጻፈበት።