የዛፍ ምልመላ ምንድን ነው? አጥር የዘለለው ቅርንጫፍስ የማን ነው?

«ምልመላ» ሲባል ብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው የፖሊስ ወይም የሠራተኛ ቅጥር ነው። ቃሉ ግን የዛፍም ነው። ዛፍ መለመለ ማለት ቅርንጫፉን አይቶ፣ መርጦ፣ የማያስፈልገውን አወረደ ማለት ነው፤ የግብርና ሰዎች ገረዛ ይሉታል። ድሬዳዋ ውስጥ በየሰፈሩ የማየው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ማንም ያልነካው ዛፍ መንገዱን ዘግቶ፣ ወይ ገጀራ የያዘ ሰው በማለዳ መጥቶ ግንዱን ብቻ አስቀርቶ ሲሄድ። ይሄ ሁለተኛው ጉንደላ ነው። ቡናው ያረጀበት ገበሬ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥለት አውቆ ይጎነድላል። የመንገድ ዳር ዛፍን መጎንደል ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ እመለስበታለሁ።

የጉዳዩን ባለቤት እኔ ቤት በር ላይ ነው የተማርኩት። ከግቢያችን አጥሩን ተሻግሮ የወጣ ትልቅ የኒም ዛፍ አለን። ቅርንጫፉ በያመቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ሲል እኛ ለምደነው አንገታችንን ሰበር አድርገን እናልፋለን። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ አንድ ዓይነ ስውር ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ግንባራቸውን መታቸው። ሮጬ ስወጣ ኮፊያቸውን ከመሬት እየፈለጉ ነው። ይቅርታ ስጠይቅ፣ «ወላሂ ልጄ፣ ዘንጌ መሬቱን ነው የሚያውቀው፣ ሽቅብ አያይም» አሉኝ። ቦዩን፣ ድንጋዩን፣ የቆመ ባጃጁን ዘንጉ ይነግራቸዋል። ከወገብ በላይ ያለውን ግን የሚነግራቸው የለም። ከዚያ ወዲህ «ዛፉ የኛ ነው፣ ቅርንጫፉ የመንገዱ ነው» የሚል ጨዋታ ቤታችን ውስጥ አይሠራም።

በሕግ ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አንተ ባለይዞታ ነህ። በይዞታህ ላይ የተከልከውን ወይም ስትገባ ያገኘኸውን ዛፍ የምትጠብቀው ግን አንተ ነህ፣ ቅርንጫፉ አጥር ቢዘልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን የሚጎዳ ወይም የሚያውክ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል፤ በቁጥር 2028 ደግሞ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራ እንዲከፍል ያዛል። ደርቆ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ እያየህ፣ ጎረቤትም ነግሮህ፣ ዝም ብለህ ከቆየህና የሰው ባጃጅ ላይ ከወረደ «ነፋስ ነው የጣለው» ማለት ብዙ አያራምድህም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይህ ራሱን የቻለ ደንብ አለው። ባለቤቱ ከእግረኛ መንገድ በላይ 2.4 ሜትር ያህል፣ ከመኪና መንገድ በላይ ከ4 ሜትር የማያንስ ክፍት ቦታ እንዲተው ይጠበቅበታል፤ እምቢ ካለ ከተማው ራሱ አስቆርጦ ሂሳቡን ይልክለታል።

ከአጥር ውጭ ያለው ዛፍ ግን የተለየ ነው። አንተ ተክለኸው፣ ውሃ አጠጥተኸው፣ ኖራ ቀብተኸው ቢሆንም መንገድ ላይ እስከቆመ ድረስ የሕዝብ ነው። ገጀራ ከማንሳትህ በፊት ቀበሌ ሂድ። የኪራይ ቤት ከሆነም ለአከራዩ ንገር፣ ተከራይ በራሱ አይቁረጥ።

ከላይ የጠቀስኩትን 2.4 ሜትር ለመለካት ሜትር አያስፈልግህም። ቁመትህ መካከለኛ ከሆነ ቅርንጫፉ ሥር ቁም፣ እጅህን ቀጥ አድርገህ ዘርጋ፣ ከጣትህ ጫፍ በላይ አንድ ስንዝር ጨምር። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለአላፊው እንቅፋት ነው። ወደ መኪናው በኩል ደግሞ አንድ የተጫነ አይሱዙ ሳይነካው ማለፉን አስብ። አጥር ላይ የሚንዠረገገውን ቡገንቪሊያ ብዙ ሰው ከዛፍ አይቆጥረውም፤ እሾሁ የስንት ሴት ሻሽ እንደያዘ የሚያውቁት ግን የለበሱት ናቸው። ማዕዘን ላይ ያለ ቤት ደግሞ የባጃጁ ሾፌር የሚመጣውን ልጅ እንዲያይ ቁጥቋጦውን ዝቅ ማድረግ አለበት።

አሁን ወደ ጉንደላው። ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» እያለ በስማችን የሚጠራው ባለ ቀይ አበባ ዛፍ አመጣጡ ከማዳጋስካር ነው። እንደ ጃንጥላ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ እንጨቱ ተሰባሪ ነው፣ ሥሩም ከላይ ከላይ ስለሚሄድ የእግረኛውን ንጣፍ ያነሳል። ስለዚህ ሰው ይፈራውና አናቱን ይቆርጠዋል። ያኔ ከተቆረጠው ጫፍ ዙሪያ ቀጫጭን ቀንበጦች በብዛት ይፈላሉ። እነዚህ ከቅርፊቱ ሥር ብቻ የተለጠፉ ስለሆኑ ሲወፍሩ ከበፊቱ ይልቅ በቀላሉ ይገነጠላሉ። ቁስሉም ሳይድን ግንዱ ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል። ሌላም ኪሣራ አለው። እኛ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ቅርንጫፉን ልናወርድ ስንዘጋጅ ወንበሯን ይዛ መጥታ፣ «አቦ፣ የመንገዱን ቁረጡ፣ ይቺን ግን ተዉልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷ ነች ከፀሐይ የምታድነኝ» አለች። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ተውንላት።

መርጦ መቁረጥ እንዲህ ነው። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሩቡን አትለፍ፤ መጀመሪያ የደረቀው፣ ቀጥሎ ወደ መንገዱ የወረደው። ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከላይ ከተቆረጠ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እየላጠ ይወርዳል። ስለዚህ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀህ ከሥር በኩል ሲሶውን ገዝግዘው፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለህ ከላይ ቁረጠው፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ አንሳ። ጉቶውን ስታነሳ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን ያበጠ ቀለበት አትንካ። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያ ቀለበት ነው። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም። መጋዝ ይሁን እንጂ ገጀራ አይሁን።

የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከሆነ ይህን ሁሉ እርሳው። በየመንገዱ ከሚያልፉት መስመሮች 15 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ አሉ፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሰውም፣ መሰላልም፣ መጋዝም ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውልና ኃይሉን የሚያቋርጡት እነሱ ይምጡ። ቶሎ ካልመጡ ደግመህ ደውል፤ ጎረቤት «እኔ እወጣለሁ» ቢል አትፍቀድለት።

የተቆረጠው የት ይጣላል? ከኒሙ ቀጫጭኑን ሰው ለመፋቂያ ይወስደዋል፣ ወፍራሙን ማገዶ ፈላጊ ይሸከመዋል። የሚቀረውን ቦይ ውስጥ ወይም ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መድፋት የለመደ ሰው አለ። አሸዋው በጋውን ደረቅ ሆኖ ስለሚከርም ባዶ ቦታ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የመጣውን ጎርፍ ያየ የሰፈራችን ሰው ግን እንኳን ቅርንጫፍ፣ ቅጠልም እዚያ ሲደፋ ካየ ይጮህብሃል።