ኪሎዋት ፒክ ምንድን ነው?

«100 ኪሎዋት ሶላር» ሲባል ብዙ ሰው የ100 ኪሎዋት ጄኔሬተር ሙሉ በሙሉ የሚተካ ይመስለዋል። ኪሎዋት ፒክ ግን ፓኔሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲፈተሽ የሰጠው ቁጥር ነው፤ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እየወረደበት፣ የሴሉ (ፓኔሉ ውስጥ ብርሃንን ወደ ኮረንቲ የሚቀይረው ክፍል) ሙቀት 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ። ባለ 500 ዋት ፓኔል 200 ሲደረደር 100 ኪሎዋት ፒክ ይባላል።

አዳማ ላይ ፀሐይ አይጠፋም፤ ችግሩ ሙቀትና አቧራ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተገጠመ ፓኔል እኩለ ቀን ላይ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከ25 በላይ በየዲግሪው የሚያመነጨው ኃይል 0.35 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ 12 በመቶው እዚያው ይቀራል። ከታች ነፋስ እንዲያልፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ክፍተት ይተውለት። የበጋ አቧራ ደግሞ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይጋገራል። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ያ ቀጭን መስመር የጋረደው ረድፍ ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። ቢያንስ 10 ዲግሪ ማዘንበል፣ ማለዳ መስታወቱ ሳይግል ማጠብ፤ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ስሌቱ። የቀኑ ብርሃን ተደምሮ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት በሆነ ሙሉ ፀሐይ ሲታሰብ 5.5 ሰዓት ገደማ፣ ከብክነት የሚተርፈው 80 በመቶ ቢሆን፣ 100 ኪሎዋት ፒክ 440 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። ደህና የናፍጣ ጄኔሬተር ከ1 ሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚያወጣ፣ በቀን 145 ሊትር አካባቢ ይተርፋል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን የመብራት መስመር ያልደረሰው የአዋሽ ዳር የመስኖ እርሻን በመሰለ፣ ጄኔሬተር ቀኑን ሙሉ በሚነሳበት ቦታ ነው። የአገሪቱ ዋና መስመር በአብዛኛው የውሃ ኃይል ስለሆነ፣ ከተማ ውስጥ ናፍጣ የሚቃጠለው በዋናነት መብራት ሲጠፋ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው። ባትሪ የሌለው፣ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኮረንቲ እንደ መስመሩ ዓይነት አድርጎ የሚቀይር መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ ራሱም ይጠፋል፤ መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞችን ኮረንቲ እንዳይዝ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ሶላሩ አብሮት ሲገባ ደግሞ የጄኔሬተሩ ጭነት ከአቅሙ 30 በመቶ በታች መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ናፍጣው በደንብ ስለማይቃጠል ጭስ ማውጫው ጥቀርሻ ይይዛል። 100 ኪሎዋት ጄኔሬተር 80 ኪሎዋት ጭነት ቢኖረው፣ ከሶላር መግባት ያለበት 50 ብቻ ነው። ይህን የሚቆጣጠር መሣሪያ ከሌለ ትርፉ ኃይል ወደ ጄኔሬተሩ ተመልሶ ያጠፋዋል።

ሻጭ ሲያነጋግሩ ከኪሎዋት ፒኩ በፊት በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚገኝ፣ ከዚያም ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለውን የራስዎን ጭነት አስለክተው ያስሰሉት።