ሪስፖንስ ታይም ምንድን ነው? ሰኞ ላይስ ለምን ይረዝማል?

ሰኞ ጠዋት ደሴ ውስጥ ባንክ የገባ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገበያ ነው፤ ከኩታበርም ከሐይቅም የመጣው ሰው ጉዳዩን በአንድ ቀን ጨርሶ መመለስ ይፈልጋል። አንድ ሰኞ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያሉ እናት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። ቴለሯ ስክሪኑን እያየች «እማማ፣ ሲስተሙ አስቸግሮን ነው፣ ትንሽ ይታገሱን» አለቻቸው። እሳቸውም «ቅዳሜ ስመጣ እኮ ደህና ነበር ልጄ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ያው የቅዳሜው ማሽን ነው፣ የተለወጠው የሰዉ ብዛት ነው።

ሪስፖንስ ታይም ማለት ቁልፉን ከተጫናችሁበት ቅጽበት ጀምሮ መልሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ ሥራው ራሱ የሚፈጀው ጊዜና ተራ መጠበቁ። የመጀመሪያው ብዙም አይለዋወጥም። ጉድ የሚሠራው ሁለተኛው ነው።

ሰርቨሩን፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠውን ኮምፒውተር፣ ትተን በቴለሯ እናስላው። ለአንድ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጅባታል እንበል፣ በሰዓት 20 ሰው ማለት ነው። በሰዓት 10 ሰው ከመጣ ግማሹን ጊዜ ሥራ ላይ ናት፣ ጫናው 0.5 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ አብሽሩ፦ ከ1 ላይ ጫናውን ቀንሱ፣ በቀረው 3ን አካፍሉ። 6 ደቂቃ። ከገባችሁ እስክትወጡ በአማካይ 6 ደቂቃ ይወስድባችኋል። 16 ሰው ሲመጣ 15 ደቂቃ ይሆናል። 18 ሲመጣ 30። 19 ሲመጣስ? 60 ደቂቃ! እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ከ18 ወደ 19 የጨመረው በሰዓት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጊዜው ግን እጥፍ ሆነ። 20 ከሞላማ ወረፋው መረጋጊያ የለውም፣ በሩ እስኪዘጋ እየረዘመ ይሄዳል።

«በሰዓት 20 ማስተናገድ ከቻለች 18 ሰው ለምን ይጠብቃል?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ነው። ሰው በእኩል ርቀት እየተለካ አይመጣም። ለሩብ ሰዓት ማንም አይገባም፣ ከዚያ አንድ ሚኒባስ መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪውን ሲያራግፍ ስድስት ሰው ተከታትሎ ይገባል። ቴለሯ ባዶ የተቀመጠችበት ሩብ ሰዓት ደግሞ ለኋላ አይቀመጥላትም፣ ባከነ በቃ። ጫናው ቀላል ሲሆን ግርግሩን የምታቃልልበት ፋታ ታገኛለች። 95 በመቶ ሲደርስ ግን አንዱ ግርግር ሳያልቅ ሌላው ይደርባታል።

ኮምፒውተርም ልክ እንደዚሁ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ያንሳል። ለአንድ ጥያቄ 50 ሚሊሰከንድ (1 ሰከንድ 1000 ሚሊሰከንድ ነው) የሚፈጅበት ሰርቨር በሰከንድ 20 ያስተናግዳል። 10 ሲመጣለት 100 ሚሊሰከንድ፣ 18 ሲመጣለት ግማሽ ሰከንድ፣ 19 ሲመጣለት አንድ ሙሉ ሰከንድ። ስሌቱ የሚሠራው ጥያቄዎቹ ሳይነጋገሩ በየፊናቸው ሲመጡ፣ ሥራውም አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ሲሆንና አስተናጋጁ አንድ ሲሆን ነው። ቀመሩ ቀላል በመሆኑ የሚንቁት አሉ፣ እኔ ግን ለመጀመሪያ ግምት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የወረፋ ሂሳብ ኮምፒውተር ሳይፈጠር ነው የተጀመረው፤ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ ኮፐንሀገን ውስጥ ለስልክ ኩባንያ እየሠራ በ1909 እ.ኤ.አ. ስለ ስልክ ጥሪዎች ስሌቱን ጽፎ አሳተመ።

ሌላም አለ። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ፣ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት በሰዓት የሚመጣው ሰው ሲባዛ በሚቆይበት ጊዜ ነው ይላል። ባንኩ ውስጥ 9 ሰው ከቆጠራችሁና ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ከሆነ፣ በሰዓት 18 የሚገባም ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ትቆያላችሁ። የእጅ ሰዓት እንኳ አያስፈልግም።

አማካዩን ብቻ ይዛችሁ ግን እንዳትሸወዱ። በዚሁ ስሌት ከ100 ሰው 5ቱ የአማካዩን ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። አማካዩ ግማሽ ሰከንድ ነው ብላችሁ ሪፖርት ስታደርጉ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል የጠበቀው ሰው ሪፖርታችሁ ውስጥ የለም። የሚደውልላችሁ ደግሞ እሱ ነው።

ከመገመታችሁ በፊት ተጠቃሚው ማን እንደሆነም እወቁ። ቢሮ ውስጥ ያሉ 30 ሠራተኞች ከሆኑ፣ መልስ የሚጠብቅ ሠራተኛ ሌላ ጥያቄ አይልክም፣ ስለዚህ ጫናው ራሱን በራሱ ይገታል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበት ቀን ግን ማንም ማንንም አይጠብቅም። ተማሪው ያያል፣ እናት በልጇ ስልክ ታያለች፣ አጎት ከሌላ ከተማ ያያል፣ ገጹ አልከፍት ሲል ደግሞ ሁሉም ደጋግሞ ይጫናል። የመጀመሪያውን ዓይነት በሞከራችሁበት መንገድ ሁለተኛውን ከሞከራችሁት መልሱ ስህተት ነው።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጓደኛዬ የምዝገባ ሲስተም ሠርቶ ብቻውን ማታ ሞከረው፣ ይበራል። ጠዋት ተማሪው ሲገባ ተንቀራፈፈ። «አዲስ ሰርቨር ይገዛልኝ» ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍ ነበር። ቁጭ ብለን አየነው፣ አንድ ጥያቄ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ በሰከንድ ደግሞ 19 ገደማ ይመጣል። መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ላይ የተማሪ መታወቂያ ቁጥሩ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ፣ ሁሉን ሳያገላብጡ የሚፈልጉትን የሚያገኙበት) አልነበረውም፣ ጨመረለት፣ ሥራው ወደ 40 ሚሊሰከንድ ወረደ። ከሥራው የተቀነሰው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ጫናው ግን ከ95 ወደ 76 በመቶ ወረደ፣ የአማካይ ግምቱም ከአንድ ሰከንድ ወደ 167 ሚሊሰከንድ። ደብዳቤውን አልጻፈም።